ደጃፍ ላይ ያደረ መኪና

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ አብርሃ ጅራ አድሬ ነበር። ከተማዋን ለማያውቅ አንባቢ፣ አብርሃ ጅራ ከጎንደር ተነስቶ በሳንጃ በኩል ወደ ሱዳን ድንበር ቁልቁል ሲወረድ የምትገኝ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ነች። አገሩ ቆላ ነው። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመረትበታል። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ምርቱን የሚገዛው ነጋዴና ጭነቱን የሚያነሳው መኪና በአንድ ሰሞን ይገናኙባታል።

ያደርኩት ዕድሜያቸው ከገፋ አንዲት እናት ግቢ ነበር። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ የከባድ መኪና ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሞተሩ ጥቂት አጓርቶ ጠፋ። የመኪና በር ሲዘጋ፣ ከዚያም የሚርቅ ኮቴ ሰማሁ። ምንም ሳይመስለኝ መልሶ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጎህ ሲቀድ ግቢው ታመሰ። በጓሮው ክፍል ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ሌሊቱን በወባ ሲንቀጠቀጥ አድሮ ራሱን መሳት ጀምሯል። ባጃጅ ተጠራ። የግቢው በር ሲከፈት ግን ከፊታችን የቆመው ከኔ ደረት የሚደርስ ጎማ ነው። መኪናው ጠባቧን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ይዞ፣ ጎኑን ከአጥሩ አስጠግቶ አድሯል። ባጃጁ ከመንገዱ አፍ ላይ ቀረ። የታመመውን ልጅ በአልጋ ተሸክሞ ማውጣት ስላልተቻለ አንዱ ብብቱን፣ ሌላው እግሩን ይዞ በመኪናውና በአጥሩ መሀል በጎን አሹልከው አወጡት።

ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ነበር። መስታወቱን ሲደበድቡት ዓይኑን እያሻሸ ወረደ።

«ሾፌሩ የት ነው?» 

«አልጋ ይዟል። የት እንደሆነ ግን አላውቅም።»

«ቁልፉስ?»

«ከሱ ጋ ነው።»

እናትዮዋ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ እኛኮ ለቅሶ ሲደርስብን እንኳ ድንኳን የምንተክለው ጎረቤት አስፈቅደን ነው» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ? ያቆመው እሱ ነው» አለ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። እኔ ግን የእናትዮዋ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ ስላለ፣ ወደ ከተማ ከተመለስኩ በኋላ የነገሩን ሥር ፍለጋ ገባሁ። ሰው በሌላው ደጃፍ ጭነቱን ማቆም የጀመረው መቼ ነው? ይህን ለማስተው የተሞከረውስ ምንድን ነው?

ነገሩ ከምናስበው በላይ ያረጀ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ705 እስከ 681 ዓመት የአሦር ንጉሥ የነበረው ሰናክሬም መናገሻውን ነነዌን ባስፋፋ ጊዜ አንድ ሰፊ የንጉሥ ጎዳና አስጠርጎ በግራና በቀኙ የድንጋይ ሐውልት አቆመ። በሐውልቱ ላይ ያስቀረጸው ቃል ጎዳናውን ማንም እንዳያጠበው የሚያዝ ነበር። ይህን የሚተርኩ ብዙ ጸሐፊዎች «በዓለም የመጀመሪያው መኪና ማቆም ክልክል ነው የሚል ምልክት» ይሉታል። ጽሑፉን ልብ ብሎ ላየው ግን የንጉሡ ቁጣ በሠረገላ ባለቤት ላይ ብቻ የወረደ አይደለም። ይልቁንም ቤቱን ሲያድስ ወደ ጎዳናው ገፋ ያደረገ ሰው በገዛ ቤቱ ላይ በእንጨት ይሰቀላል ነው የሚለው። የነነዌው ሕግ የተጨነቀው የሁሉ የሆነውን መንገድ አንዱ እየቆነጠረ የግሉ እንዳያደርገው ነበር። ቅጣቱ ግን ጥፋቱን እጅግ የሚያልፍ ነው። በሰው ልጅ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደታየው፣ ሕጉ የሚከበርበት ዘዴ ሲጠፋ ቅጣቱ ይከብዳል።

ሮማውያን በሌላ መንገድ ሞከሩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ፣ በዩልየስ ቄሣር ዘመን የወጣ ሕግ ጭነት የያዘ ጋሪ ፀሐይ ከወጣችበት ጊዜ ጀምሮ ቀኑ ሊገባደድ ጥቂት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ በሮማ ከተማ ውስጥ እንዳይሽከረከር ከለከለ። ለቤተ መቅደስ ሥራ ዕቃ የሚያመላልሱንና የከተማውን ቆሻሻ የሚያወጡትን ለመሰሉ ጋሪዎች ግን ተፈቀደላቸው። ቀኑ ለእግረኛው ሰላም ሆነ። ጭነቱ ግን አልቀረም፤ ወደ ሌሊት ተዛወረ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተነሳው ባለቅኔው ዩቬናል በጠባቡ መንገድ የሚንኳኳው ጋሪ የሮማን ሕዝብ እንቅልፍ እንደነሳው በምሬት ጽፏል። ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ጭነት ባለበት ከተማ ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታ ካልተሰጠው፣ ከአንዱ ደጃፍ ሲያባርሩት ሌላው ደጃፍ ላይ ይቆማል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመተማ መስመር ከመኪናው በፊት በመቶ ዓመታት የሚቆጠር የጭነት ታሪክ አለው። ከጎንደር ወደ መተማ፣ ከመተማ ወደ ስናርና ወደ ካርቱም የሚዘልቀው የሲራራ መንገድ ቡናውን፣ ማሩን፣ ሰሙን፣ ቆዳውን ያወርዳል። ጨርቁንና ሌላውን የባሕር ማዶ ዕቃ ደግሞ ያወጣል። ባሪያም ይሸጥበት እንደነበር መደበቅ አይገባም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. መተማ በደረሰ ጊዜ ከዳርፉር በኩል መጥተው የሰፈሩት ተክሩሪዎች የሚያስተዳድሯትን የገበያ ከተማ አገኘ። እነዚህ ሰዎች በሁለት ኃይሎች መሀል ስለነበሩ ለግብፅም ለኢትዮጵያም ይገብሩ ነበር።

ይህ ሁሉ ጭነት የሚጓዘው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ነው። ግመል የቆላ ከብት ስለሆነ ዳገቱን አይወጣም። በ1858 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የተላኩት ሆርሙዝድ ራሳምና ጓደኞቹ መተማ ደርሰው ዋህኒ ሲወጡ ግመሎቹ እዚያ ላይ ተመለሱ። ጭነቱ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ደጋው ቀጠለ። ዋህኒ ጭነት የሚራገፍባት፣ ከብት የሚለወጥባት የኬላ ከተማ ነበረች። ዛሬ «የጭነት ተርሚናል» የምንለውን ሥራ ያን ጊዜ ተፈጥሮ ራሷ አበጅታው ነበር ማለት ይቻላል።

ሲራራ ነጋዴው ምሽት ሲሆን የሚያድረው ውሃ ዳር ወይም የዛፍ ጥላ ካለበት መስክ ነው። ጭነቱን አውርዶ ይከምራል፤ ከብቱን ያሰማራል፤ እሳት አንድዶ በተራ ይጠብቃል። ከከተማው ውስጥ፣ ከሰው ደጃፍ ለምን አያድርም ብለን ብንጠይቅ መልሱ ጨዋነት ብቻ ሆኖ አናገኘውም። በቅሎ ሣርና ውሃ ትፈልጋለች። በጠባብ የመንደር መንገድ ላይ ሃምሳ በቅሎ ቢታሰር ጠዋት የሚነሳ በቅሎ አይኖርም። የከብቱ ረሀብ ነጋዴውን ወደ መስክ ያወጣዋል። በዚያ ላይ የነጋዴው ሹም ነጋድራስ አለ። ቀረጡን ይቀበላል፤ በነጋዴዎች መሀል የሚነሳውንም ጠብ ይዳኛል። አንድ ነጋዴ ጥፋት ቢያጠፋ የሚከሰስበት የታወቀ ሰው ነበር ማለት ነው።

መኪና ሲመጣ የተለወጠው አንዱ ነገር ይኸው ነው። መኪና አይርበውም። ባለቤቱ ሞተሩን አጥፍቶ ከሄደ ሦስት ቀን ቢቆም አይጮህም፤ ገመድ በጥሶ አይሄድም። በቅሎ የማትችለውን ዝምታ መኪና ይችላል። ለሾፌሩ ምቾት የሆነው ይህ ጠባዩ ለደጃፉ ባለቤት መከራ ሆነ።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ በኩል ብዙ መከራ አይቶ አምጥቶ ለዐፄ ምኒልክ አስረከበ። ብዙም ሳይቆይ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ ተከተለ። በከተማው ሁለት መኪና ሲኖር የማቆሚያ ጥያቄ አይነሳም፤ የሚነሳው የመሄጃ መንገድ ጥያቄ ነው። የጭነት መኪና በብዛት የታየው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ጣሊያኖች ጎንደርን የአንዱ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገዋት ስለነበር ለጦር የሚሆነውን ስንቅና መሣሪያ የሚያመላልሱ ፊያት መኪኖች በተራራው ላይ ይርመሰመሱ ጀመር። ከነዚህ አንዱ ፊያት 634 ከነጣሊያንኛ ቁጥሩ «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ በሕዝቡ አፍ ቀረ። ጣሊያን ከወጣ በኋላም መኪናው ለነጋዴ አድሮ ብዙ ዘመን ሠራ።

መኪናው ሲበዛ ሕጉ ተከተለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለኛ ጉዳይ ሁለት ቁም ነገር ይዟል። በቁጥር 1446 መንገድንና ጎዳናን በመንግሥት እጅ ያለ የሕዝብ ጥቅም ንብረት ያደርጋቸዋል። ቀጥሎም እንዲህ ያለው ንብረት በማንም ሰው ዘንድ በብዙ ዘመን ይዞታ ምክንያት የግል ሊሆን እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ ሾፌሩ «አሥር ዓመት እዚህ ነው የማቆመው» ቢል አይሰማለትም። የቤቱ ባለቤትም «ደጃፌ ነውና መንገዱ የኔ ነው» ብሎ ድንጋይ ደርድሮ መንገዱን ማጠር አይችልም። በቁጥር 1225 ደግሞ ባለሀብት በሀብቱ ሲገለገል በጭስ፣ በጥቀርሻ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅ ወይም በንቅናቄ ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳያስቸግር ይከለከላል። ሕግ አርቃቂዎቹ «መልካም ጉርብትና» የሚለውን ቃል ሲያስገቡ ልኩን በሜትር አልወሰኑትም። ልኩን የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

ከዚያም በ1956 ዓ.ም. የትራንስፖርቱ ደንብ በሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 279 ወጣ። ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 ተተካ፤ እሱም ቆይቶ ተሻሽሏል። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ተሽከርካሪ የማይቆምባቸውን ቦታዎች በቃሉ አጥንቶ ተፈትኗል። መስቀለኛ መንገድ አጠገብ፣ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ፣ የሌላውን መግቢያና መውጫ ዘግቶ አይቆምም። አብርሃ ጅራ ያየሁት ሾፌር ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም።

ታዲያ ለምን አቆመ? ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የሱንም በኩል እንይለት። የሰሊጥ ጠባይ ከሌላ እህል የተለየ ነው። ፍሬው ሲደርስ ቆባው ራሱ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። አጨዳው በጥቂት ቀናት መሀል ካልተፈጸመ የዓመት ልፋት ለምስጥ ይሆናል። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ «ሂላ» ተብሎ ተከምሮ ከደረቀ በኋላ ተራግፎ በጆንያ ሲገባ ገበሬው ዕዳውን ሊከፍል፣ ነጋዴውም ዋጋ ሳይወርድ ሊሸጥ ይጣደፋል። መኪናው ሁሉ በአንድ ሰሞን ከአንድ ቆላ የሚጎርፈው ለዚህ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን ከጨመረ ወዲህ ደግሞ ምርቱ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት መጋዘን የሚገባ ሆነ። ሚዛን ካለ ወረፋ አለ። ወረፋ ካለ የሚያድር መኪና አለ።

የሚያድረው መኪና የት ይደር? የምዕራቡ ቆላ ከተሞች ያደጉት በጥድፊያ ነው። የሰቲት ሁመራ እርሻ በትራክተር ሲታረስ የጀመረው የቆላ ልማት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መልኩ ተለወጠ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ለባለሀብቶች መሬት ሲመራ እንደገና ተስፋፋ። የከተማውም ቦታ በዚያው ዓመት በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት ሆኖ ነበር። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ፈቀደ። ሰው ቤት ሠራ፣ አጥር አጠረ፣ በአጥርና በአጥር መሀል የቀረውን መንገድ አለው። ያ መንገድ ለሰው፣ ለአህያና ለጋሪ ይበቃል። ባለ ተሳቢው መኪና በልኩ አልታሰበም።

ሾፌሩ ደግሞ ጭነቱን ጭልጥ ካለ ሜዳ አቁሞ መተኛት ይፈራል። ጆንያ ይሰረቃል፤ ጎማ ይፈታል፤ ናፍጣ ይቀዳል። ሰው ካለበት መንደር ማቆም ጥበቃ ነው። የመንደሩ ሰው ዓይን ሳይከፈለው ይጠብቅለታል ማለት ነው። የማያውቀውን ሰው ደጃፍ የመረጠው ንቆት ሳይሆን አምኖት ነው ቢባል ያስቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት አለበት። ሌላው ግማሽ እውነት የሚገኘው እናትዮዋ ከተናገሩት ውስጥ ነው።

እስቲ ስለ ድንኳን እናስብ። በአገራችን ከተሞች ሁሉ ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲሆን ድንኳን መንገድ ላይ ይተከላል። መኪናውም ድንኳኑም መንገድ ይዘጋሉ። ድንኳኑ እንዲያውም ከመኪናው የባሰ ቦታ ይይዛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ አለው። ሆኖም ጎረቤት አይቆጣም። ዞሮ ይሄዳል፤ ወንበር ያውሳል፤ ውሃ ይቀዳል። ልዩነቱ ከየት መጣ? አንደኛ፣ ድንኳን የሚተክለው ሰው ይታወቃል። ስሙ፣ ቤቱ፣ ዕድሩ የታወቀ ነው። ሁለተኛ፣ ያስፈቅዳል፤ ቢያንስ ይናገራል። ሦስተኛ፣ ቀን አለው። የሠርጉ ድንኳን በማግስቱ፣ የለቅሶውም ከጥቂት ቀን በኋላ ይነሳል። አራተኛ፣ ነገ ተራው የሌላው ነው። ዛሬ መንገዱን የለቀቀ ነገ ይለቀቅለታል። ሾፌሩ ከነዚህ ከአራቱ አንዱንም አላሟላም። ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አልጠየቀም፤ መቼ እንደሚነሳ አልተናገረም፤ እናትዮዋም በሱ ደጃፍ መኪና የሚያቆሙበት ቀን አይመጣም።

የሠለጠነው ዓለምም ብዙ ደክሞ የደረሰው ከዚሁ አካባቢ ነው። በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1935 የመጀመሪያው የማቆሚያ ቆጣሪ መንገድ ዳር ተተከለ። ሐሳቡን ያመነጨው ካርል ማጊ የተባለ ጋዜጠኛ ነበር። በመሀል ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት ያቆሙትን መኪና እስከ ማታ ስለማያነሱት ገበያተኛው ማቆሚያ አጥቶ ባለሱቁ ይማረር ነበር። ቆጣሪው ሳንቲም ቢበላም ዋናው ሥራው ሰዓት መቁጠር ነው። ለቆመው መኪና መነሻ ሰዓት ሰጠው። ድንኳን ሲተከል የሚነሳበት ቀን እንደሚታወቀው ማለት ነው። በአዲስ አበባ በየመንገዱ ዳር ወረቀት ቆርጠው የሚያስከፍሉ ወጣቶች ሲመደቡም የሆነው ይኸው ነበር። ሾፌሩ የሚከፍለውን ብር አይቶ ይነጫነጫል፤ መንገዱ ግን ቢያንስ ሰዓት የሚጽፍለት ሰው አገኘ።

የመንደር መንገድ ግን ቆጣሪ አይተከልበትም። ትራፊክ ፖሊስም ከእኩለ ሌሊት በኋላ አብርሃ ጅራ ውስጥ ጓሮ ለጓሮ ሊዞር አይችልም። የነነዌው ቅጣት አያስፈልገንም፤ የሮማው ክልከላም ብቻውን እንደማይበቃ አይተናል። እኔን እንደሚመስለኝ መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው፤ በመኸር ሰሞን ብቻ እንኳ ቢሆን ከከተማው መግቢያ ላይ አጥር፣ መብራትና ዘበኛ ያለው የማደሪያ ሜዳ ማዘጋጀት። ሲራራው ውሃ ዳር ያለውን መስክ እንደነበረው ሁሉ ባለመኪናውም መስክ ይሻል። ለጥበቃው የሚከፍለው ብር ከሚሰረቅበት ጆንያ አይበልጥም። ሁለተኛው ምንም ብር የማይጠይቀው ነው፤ እሱን በዚያው ጠዋት አየሁት።

ሾፌሩ የተገኘው ረፋድ ላይ ነው። በረዳቱ መሪነት መጣ፤ ሰው ከቦ ጠበቀው። ዱላ ያነሳም ነበረ። እናትዮዋ ዱላውን አስቀምጡ አሉና፣ «ልጄ፣ በዚህ በር የታመመ ሰው በጎኑ ሾልኮ ወጣ። ሬሳም ቢሆን እንዲህ ነበር የሚወጣው» አሉት። ሰውዬው ያልጠበቀውን ነገር ሰማ መሰል፣ ያዘጋጀው መልስ ከአፉ ቀረ። «እናቴ፣ አጥፍቻለሁ» አለ። ከዚያ መኪናውን አንስቶ ከሰፈሩ ወጣ።

ልጁ ተረፈ። ጤና ጣቢያ መርፌ ተሰጥቶት ከሦስት ቀን በኋላ በእግሩ ተመልሷል። ቢዘገይ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ቢዘገይ ኖሮ ጥፋቱ በትራፊክ ደንብ መዝገብ ላይ በጥቂት ብር የሚያልፍ፣ በዚያ ግቢ ግን ዕድሜ ልክ የሚነገር ይሆን ነበር።

ከሁለት ሌሊት በኋላ ያው መኪና እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ የቆመው ሰፋ ካለው የመንገዱ አፍ ላይ፣ ለባጃጅ መተላለፊያ ትቶ ነው። ጠዋት ስወጣ በፊት መስታወቱ በኩል ከካርቶን የተቀደደ ቁራጭ ተለጥፎ አየሁ። በእስክሪብቶ የተጻፈበት የስልክ ቁጥር ነው፤ ከሥሩም «ካስቸገርኩ ደውሉልኝ፤ ዓርብ እነሳለሁ» ይላል። እናትዮዋ ማንበብ ስለማይችሉ ጠርተውኝ አነበብኩላቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ዓርብ አለ? ዓርብ ደግ ነው» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።